በዱቄት መጋዘን የተሠራው ውዝዋዜ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሲያትል አጠገብ፣ ቡሪየን የምንኖርበት አፓርታማ ምድር ቤቱ ውስጥ ተከራዩ ሁሉ የሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ማድረቂያው ሲቆም አንሶላውን አወጣሁና ሁለቱን ጫፍ ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ ሁለቱን እኔ ያዝኩ። ወደ ኋላ ሄደን ወጠርነው፣ ተጠጋጋን፣ ጫፉን ከእጄ ተቀበለኝና እንደገና ወደ ኋላ ሄደ። ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። አራተኛውን ሊረግጥ እግሩን አነሳና፣ ሳይረግጥ፣ ካነሳበት ቦታ መለሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አየሽ?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ተይው፣ እሜቴ ጸሐፊ። ዛሬ እስክሪብቶ አልያዝሽም።»

የትራስ ልብሶቹን እኔ ብቻዬን አጠፍኩ። እሱ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ሲታክ ሄደ። ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ከሆቴሉ ደወሉልኝ። የአንድ እንግዳ መኪና ወስዶ አቁሟል፣ ሞተሩን አጥፍቷል፣ ግን አልወጣም። ልቡ ነው አሉኝ። የደወለልኝ አለቃው የሚለው ጠፍቶት ነው መሰለኝ፣ መኪናውን በሁለቱ ነጭ መስመሮች መካከል አስተካክሎ እንዳቆመው ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ይህን በዝግታ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር። ስለ ሞቱ ለመጻፍ አልነበረም የተቀመጥኩት። ስለ አንድ ውዝዋዜና ስለ አንድ ደብዳቤ ነው መጻፍ የፈለግሁት። ያንን ደብዳቤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ማስተካከልም ያለብኝ እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ በአንድ ቴአትር ቤት ጽሕፈት ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። እሱ እዚያው ተወዛዋዥ ነበር። የተጋባን ዓመት ቡድኑ ለትርኢት ወደ አውሮፓ ተላከ፤ እኔም ፈረንሳይኛ ስለምችል ደብዳቤ እንድጽፍ አብሬ ተላክሁ። ቡድኑ ሲመለስ ሁለታችን ብራስልስ ቀረን። ምክንያቱን እዚህ አላነሳም፤ በዚያ ዘመን የቀረ ሁሉ ያውቀዋል።

ብራስልስ ውስጥ፣ ከቦዩ አጠገብ፣ የተዘጋ የዱቄት መጋዘን ነበር። እዚያ አምስት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር፤ አራቱ የአገሩ ልጆች፣ አምስተኛው እሱ። አራቱም የባሌት ትምህርት ቤት ጨርሰው ወይም ጥለው የወጡ ናቸው። አዲስ ዓይነት ዳንስ እንሠራለን ይላሉ፤ መድረክ የላቸውም፣ አሠሪ የላቸውም። ከአምስቱ አንዷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ ከወንድ የሚወፍር ሴት ነበረች። በኋላ ከብራስልስ ደብዳቤ የጻፈችልን እሷ ስለሆነች ነው የማነሳት።

ባለቤቴ ውዝዋዜውን የሠራው እዚያ ነው። አርባ ደቂቃ ይወስዳል። ከበሮ የለውም፣ ክራር የለውም። ሁለት ሰዎች ከመጋዘኑ ሁለት ጫፍ ይነሳሉ። ትከሻቸው ይሠራል፤ እጃቸው ግን ከጎናቸው አይነሳም። ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፣ እስከ መጨረሻው አይነካኩም። ትከሻው ከአገራችን የመጣ ነው፤ እስክስታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ሌላው ሁሉ፣ አካሄዱ፣ ዝምታው፣ አሥራ አራቱ ክፍሎች፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ከሱ የወጣ ነው። ከሱ በፊት አልነበረም። ይህን የማውቀው ሲሠራው ስላየሁ ነው።

ማየት ብቻም አይደለም። እሱ ሰውነቱ ያስታውሳል እንጂ አእምሮው አያስታውስም ነበር። ትናንት የሠራውን ዛሬ ሲጠይቁት ይጠፋበታል። ስለዚህ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጽፍለት ጀመር። «ግራ ትከሻ ሁለት ጊዜ። አንገት የለም። ወደፊት አምስት እርምጃ።» ጥቂት ያስብና «ሰርዢው» ይላል። እሰርዛለሁ። «ቀኝ ትከሻ አንድ ጊዜ፤ እርምጃው ይቅር።» እጽፋለሁ። «አይ፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር።» የተሰረዘውን መልሼ እጽፋለሁ። በሁለት ክረምት አራት ደብተር ሞላን፤ ካልተሰረዘው የተሰረዘው ይበዛል። እጄ ሲደነዝዝ ብብቴ ሥር እከተዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ጸሐፊዋ አድማ መታች» ብሎ ለሌሎቹ በፈረንሳይኛ ይነግራቸዋል።

የዚያ አገር መንግሥት ለዳንስ ድጋፍ አይሰጥም ማለት አይደለም። ይሰጥ ነበር፤ ግን ለቤት ነው የሚሰጠው። ኦፔራ ቤት ያለው፣ መድረክ ያለው፣ ቋሚ ሠራተኛ ያለው ያገኛል። ቤት የሌለው ሰው ዳንስ ቢሠራ በሕጉ ዓይን ሥራ እንደሠራ አይቆጠርም። እግሩ ቢሰበር የሥራ ጉዳት አይባልም፤ ክረምቱን ሙሉ ሲሞክር ቢቆይ ሥራ ፈት ነው። አንድ ጊዜ ቅጽ አምጥተን ልንሞላ ተቀመጥን። የቴአትር ቤታችሁን ስም፣ የወንበሩን ብዛት ጻፉ ይላል። «አሥራ አንድ ጆንያ በይ» አለኝ። እውነትም አሥራ አንድ ጆንያ ነበር። ጻፍኩት፤ አምስቱም እየሳቁ ፈረሙበት። መልስ አልመጣም።

ውዝዋዜው ሦስት ጊዜ ብቻ ታየ፤ ሦስቱም ጊዜ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። ከዚያ መጋዘኑ ፈረሰ፣ ሰዎቹ ተበተኑ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንም አለቀ። ሲያትል ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆነልንና በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚህ መጣን። ደብተሮቹን ከውዝዋዜ ልብሱ ጋር በአንድ ቡናማ ሻንጣ ይዘናቸው መጣን።

እዚህ እንደመጣን ለኪነ ጥበብ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳለ ሰማንና አመለከትን። ቅጹ ላይ ውዝዋዜውን የሠራው ማን ነው የሚል ጥያቄ አለ። እሱ በቴአትር ቤቱ ያስተማሩትን ሽማግሌ ስም ጻፊ አለኝ። ጋሼ ነበር የሚላቸው፤ ትከሻ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የሳቸውን ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩም «የአባቶቻችን ውዝዋዜ» ብዬ ጨመርኩበት። ጥሩ ይሆናል ብዬ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ደግ ሰው ደወለና በጣም እንደወደዱት ነገረን። ግን አዲስ ፈጠራ ስላልሆነ የዳንስ ድጋፍ አያገኝም፤ በበጋ በሚደረገው የሜዳ በዓል ላይ ከባህላዊ ጭፈራዎች ጋር አሥራ ሁለት ደቂቃ ልንሰጣችሁ እንችላለን አለ። የባህል ልብስ እንዲለብስም ጠየቀው። ባለቤቴ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። «ከበቆሎ ጠባሹና ከእሳት አደጋ መኪናው መሃል ነው የምንቆመው» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስለ ውዝዋዜ አላወራም።

ይህን ያነሳሁት ስህተቱን አስቀድሜ አውቀው እንደነበር ለማስረዳት ነው። ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያች የብራስልስ ጓደኛችን ደብዳቤ መጣ። የባህል ሚኒስቴሩ ለዳንስ የሚሰጠውን ድጋፍ እንደገና ሊያየው ነው፤ አማካሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እሷም አባል ሆናለች። አሮጌው ሕግ ቤትን እንጂ ሠሪውን እንደማያይ ለማሳመን የሚቻለው ጠፍቶ የቀረን ሥራ በማሳየት ነው ትላለች። የመረጠችው የሱን ነው። አምስት ገጽ ጻፍልን፤ ያለ ድጋፍ እንዴት እንደሠራኸው፣ ምን ቢኖር እንደማይጠፋ ንገረን። ሐሳቡን ከተቀበሉን አንተን ጠርተን ውዝዋዜውን እንደገና እናቆመዋለን፤ አንተ ታስተምራለህ፣ በስምህ ይመዘገባል።

ደብዳቤውን ቆሜ ነው ያነበብኩለት። ሲያልቅ እንደገና አንብቢው አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብለት ግን ጫማውን አወለቀና፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው እስከ በሩ የመጀመሪያውን ክፍል ሠራው። ጉልበቱ ይንቋቋ ነበር።

አራት እሑድ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ጻፍን። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ በፈረንሳይኛ እተይባለሁ። ስለ ሕጉ የተናገረው ሁሉ ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ አምንበታለሁ። ድጋፉ ለግድግዳ ሳይሆን ለሰው ይሁን አለ። ዋናው ግን ለመሞከሪያ ጊዜ ይከፈል ነው ያለው። ዳንስ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የሚጣለውን ነው፤ እናንተ ደግሞ የምትከፍሉት መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ላለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት የሚወጣው ከተጣለው ነው። የሚጽፍ ሰውም ይቀጠር አለ። «እኔ ሚስቴ ነች የጻፈችልኝ፤ ሚስት የሌለው ምን ይሁን?» ይህንንም ጻፍኩት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ፣ ጓደኛችን የላከችው የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ያው ጥያቄ አለ።

«ማን ሠራው ይላል» አልኩት።

«ጋሼን ጻፊ።»

«ጋሼ መጋዘኑን አይተውት አያውቁም።»

«ትከሻውን ከየት አመጣሁት?»

«አሥራ አራቱን ክፍልስ?»

«ሰው በገዛ አፉ እኔ ነኝ ይላል እንዴ? ደግሞ ጋሼ በሕይወት እያሉ።» ተነስቶ ውሃ ቀዳ። «ያዩት ሰዎች ይናገሩ እንጂ።»

ታይፕራይተሩ ፊት እንደተቀመጥኩ ነኝ። የበጋው በዓል ትዝ ብሎኛል፤ የዚያ ደግ ሰው ድምፅ ሁሉ ትዝ ብሎኛል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እሱ ትክክል መሰለኝ። እኛ ስናድግ የተማርነው ይኸው ነው፤ ሥራህን ሌላ ሰው ይናገርልሃል እንጂ አንተ አትናገርም። የጋሼን ስም ጻፍኩ። እሱ ፈረመ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው። የሚናገርለት ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያየሁት እኔ፣ ታይፕራይተሩ ፊት የተቀመጥኩት እኔ። ከሱ ፊርማ ሥር በራሴ ስም ሁለት መስመር ብጨምር ማንም አይከለክለኝም ነበር። እሱም ቢሆን የሚቆጣ ይመስለኛል፤ ግን አያስቀድደኝም።

ደብዳቤው በሄደ በስድስተኛው ሳምንት ሞተ።

ለቅሶው በቤታችን ነበር። ሰው እንዲቀመጥ አልጋው ተነሳ፣ ቁም ሣጥኑ ተገፋ፣ ዕቃው ሁሉ ተለቅሞ ወጣ። ይህን ያደረጉት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የደከሙት ከከተማው ሰሜን፣ ከማውንትሌክ ቴራስ እየነዱ የሚመጡት እትዬ ናቸው። እናቴ እዚህ ብትኖር ከሳቸው የበለጠ አታደርግልኝም። ምን ከየት እንደወጣ አላየሁም። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገባ እነሳለሁ፣ ሲወጣ እቀመጣለሁ። ለቀስተኞቹ መምጣት ካቆሙ በኋላም ለሳምንታት ያንኑ ሳደርግ ነበር የኖርኩት። አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ፋይል አስተካክላለሁ፤ ሄጄ አስተካክላለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ፖስታ ሳልከፍት እተኛለሁ። መኖር የምቀጥልበት ምክንያት አልታየኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የብራስልሱን ደብዳቤ የከፈትኩት ከመጣ ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ለሱ ነው የተጻፈው፤ ጓደኛችን መሞቱን አታውቅም። ኮሚቴው አንብቦታል፤ ስለ ሕጉ የጻፍከው ከሁሉም ይልቅ ተወዷል ትላለች። ነገር ግን ውዝዋዜው ከመምህርህ የወረስከው ነው ብለህ ስለጻፍክ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ወደ ባህላዊ ቅርስ ክፍል ይሂድ ብለዋል። እኔ ስትሠራው አብሬህ ነበርኩ ትላለች፤ ግን የኮሚቴ አባል ስለሆንኩ መመስከር አልችልም። ሌሎቹ ሦስቱም የት እንዳሉ አላውቅም። ከበጋው በፊት አንድ ስብሰባ ቀርቶናል። እባክህ አንድ ገጽ ጻፍ፤ እኔ ሠራሁት በል።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ «እኔ ሠራሁት በል» የሚለውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩላት፤ እዚያ አሥር ሰዓት ነበር። መጀመሪያ ድምፄን ስትሰማ ያንን ወፍራም ሳቋን ሳቀች። ነገርኳት።  ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔ አላለቀስኩም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። ያ መልስ የኔ ስህተት ነው፣ አሁን በምን ላስተካክለው አልኳት።

«ደብተሮቹ አሉ?» አለችኝ። «ስትጽፊ የነበረው?»

«አሉ።»

«እንግዲያው በቃ። ስርዞቹን ያዩታል። ከአባቱ የወረሰውን ማን ይሰርዛል? ቅርስ ስርዝ የለውም። እነሱን ላኪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስልኩን ዘግቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቡናማው ሻንጣ የለም። አልጋው ሥር የለም። ምድር ቤት ባለችን ጠባብ መጋዘን የለም። እትዬ ጋ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ልብሱን ሁሉ ሰጠነው እኮ» አሉኝ። «ዓይንሽ እንዳያርፍበት ብለን። ሻንጣውንም አብረን። ልብስ ነበር የሞላው።»

«ሥሩ ደብተር ነበረ፣ እትዬ።»

 «የቱ ደብተር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

የሟች ልብስ ለተቸገረ መስጠት የኛ ወግ ነው፤ እኔም ለሌሎች አድርጌዋለሁ። እዚህ ግን የተቸገረ ሰው በር ላይ ስለማይመጣ፣ ያገለገለ ልብስ ለሚሸጥ አንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ነው የሚሰጠው። እትዬ በአርባ ደቂቃ ደረሱ። መንገድ ላይ በጣም በፍጥነት እየነዱ እንደመጡ ፊታቸው ይናገራል። ሱቁ ስንደርስ በሩ ላይ መኪናቸውን ጠማማ አድርገው አቁመው ቀድመውኝ ገቡ።

ሻንጣውን አገኘነው። ጀርባው ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ከሌሎች ሻንጣዎች ጋር ቆሟል። ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ኪሱ ውስጥ እጄን ከትቼ ዳበስኩ። ሠራተኛዋን ጠየቅን፤ ቸኩላ አልነበረም፣ በደንብ ሰምታናለች። የተጻፈበት ወረቀት አንሸጥም፣ የዚያኑ ቀን ይጣላል አለችን። እትዬ በእንግሊዝኛ የት ነው የሚጣለው፣ ኮል አድርጊላቸው፣ እባክሽ ኮል አድርጊላቸው እያሉ ለመኗት። ሁለት ወር ሆኖታል እኮ አለች።

የባለቤቴን ሸሚዝ ከተሰቀሉት ልብሶች መካከል እትዬ አዩት፤ ትከሻው ላይ እኔ የጣፍኩት ጥፍ አለበት። አውርደው ደረታቸው ላይ አድርገው ያዙት። እዚያው ሰው መሃል ቆመው «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ደብተሩ ያስፈለገው እኔ መጻፍ ያለብኝን ሳልጽፍ ስለቀረሁ ነው። ግን አላስረዳኋቸውም። ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ሻንጣውንና ሸሚዙን ገዝተው ቤት አደረሱኝ። የዚያን ሳምንት ሥራ አልሄድኩም። ውዝዋዜው አለቀለት ብዬ ነበር። እሱ ሞተ፣ መጋዘኑ ፈረሰ፣ ደብተሩ ተጣለ፤ ባለቤቴ ይህን ምድር ረግጦ የሠራው አንድ ነገር እንኳን የለም። በመስመር መካከል የቆመ መኪና ብቻ። ያንንም ባለቤቱ ነድቶት ሄዷል።

ለጓደኛችን ደወልኩና ደብተሮቹ እንደጠፉ ነገርኳት። አላጽናናችኝም፤ ስለዚያ አመሰግናታለሁ። ጥቂት አሰበችና «አንቺ ምን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

«ውዝዋዜውን?»

«ውዝዋዜውን አይደለም። እንዴት እንደሠራው። ምን ጣለ፣ ምን መለሰ፣ ለምን። እንደ ምስክር ጻፊ፤ በስምሽ። ይቀበሉታል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ምናልባት አይቀበሉም።»

ከዚያ ወዲህ ያለው እንዲህ ነው። አዲስ ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ ምንም አልመጣልኝም፤ ሦስት ቀን ባዶ ገጽ ፊት ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ብርዱ ትዝ አለኝ። እጄን ብብቴ ሥር ስከት እሱ የት ጋ ቆሞ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ምን አድርጎ እንደነበር፤ ከዚያ «ሰርዢው» ያለኝ። አንዱ ክፍል ሌላውን እየጎተተ መጣ። እስከ ስምንተኛው ድረስ እርግጠኛ ነኝ።

ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። በዘጠነኛው ሁለቱ ሰዎች በጣም ተቀራርበው ቆይተው ይለያያሉ፤ አንደኛው ወደ ኋላ ይሄዳል። እርምጃው አራት ነበር። አራት መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱ ግን ያንን ክፍል አንድም ቀን ወዶት አያውቅም። ብራስልስ እያለን አምስት ሞክሯል፣ ሁለት ሞክሯል፣ ወደ አራት መልሶታል። «ይሄ ሰውዬ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ መሄድ እንደማይፈልግ አያስታውቅበትም» ይል ነበር። ሲያትል ከመጣን በኋላም፣ ስለ ውዝዋዜ ማውራት ትቶ በነበረበት ጊዜ እንኳን፣ አንድ ጊዜ ጥርሱን እየፋቀ «ያቺ ዘጠነኛዋ» ብሎኛል።

ቅዳሜ ዕለት አንሶላ ላጥብ ምድር ቤት ወረድኩ። ካወጣሁት በኋላ ብቻዬን ለማጠፍ አንዱን ጫፍ በማድረቂያው በር ቀረቀርኩትና ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ላይ ቆምኩ።

አራተኛውን እግሩን አንስቶ መልሶት ነበር።

አየሽ ያለኝ ያንን ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ከዚህ ክፍል ወጥቶ ሊሞት አራት ሰዓት ሲቀረው፣ ዘጠነኛውን ክፍል ጨርሶታል። እኔ አላየሁም። እስክሪብቶም አልያዝኩም ነበር። አንሶላው ከእጄ ወደቀና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቴ ልብሷን ይዛ ገብታ ምን ሆነሽ እስክትለኝ ድረስ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ላይ ወጥቼ ጻፍኩት። ወደ ኋላ አራት እርምጃ። ሰረዝኩት። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ፤ አራተኛው ይነሳል፣ አይረገጥም፣ ባለበት ይመለሳል። ከጎኑ ይህን የለወጠው ቡሪየን ውስጥ፣ በሞተበት ቀን መሆኑን ጻፍኩ።

ስብሰባው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። ሕጉ ቢለወጥም የሚለወጠው ለሌሎች ነው፤ እሱ እንደሆነ ተጠርቶ አይሄድም። አንዳንድ ጠዋት ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ብዬ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ።

አሁን በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እቀመጥና በገጹ ራስ ላይ የሱን ስም፣ ከሥሩም ሲሠራው አይቻለሁ የሚለውን እጽፋለሁ። ከዚያ እስከ ሥራ ሰዓቴ ድረስ የማስታውሰውን ከነስርዙ እጽፋለሁ። አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ነኝ።